የቀረው ታካሚ የት ይመዘገባል? በአዋቂዎች የትኩረት ማነስ ሕመም የሥነ ልቦና ሕክምናን ስለ መዝለቅ

በሥልጠና ላይ ሳለሁ በአንድ የሥነ ልቦና ሕክምና ክፍል ይሠራበት የነበረ ደንብ ነበር፤ በተከታታይ ሦስት ቀጠሮ ያሳለፈ ታካሚ ሕክምናውን በፈቃዱ እንዳቋረጠ ተቆጥሮ መዝገቡ ይዘጋል። ደንቡ በጊዜው ጨካኝ መስሎ አልታየኝም። ተራ የሚጠብቁት ብዙዎች፣ እኛ ባለሙያዎቹ ጥቂቶች ነበርን፤ ባዶ የዋለ ወንበር የሌላ ሰው ወንበር ነው። በዚሁ ደንብ መሠረት የትኩረት ማነስና ከመጠን ያለፈ ቅብጥብጥነት ሕመም (በተለመደው ምሕጻሩ ኤዲኤችዲ) እንዳለበት በምርመራ የታወቀ፣ ዕድሜው ሠላሳን ጥቂት ያለፈ ሰው መዝገብ በእኔ ፊርማ ተዘጋ። ከአምስት ሳምንት በኋላ ሰውየው መጣ። ካርድ ክፍል መዝገቡ መዘጋቱንና እንደ አዲስ መመዝገብ እንዳለበት ነገሩት፤ አመስግኖ ሄደ። ሲሄድ ግን ለእኔ እንዲሰጥለት አንድ ደብተር ትቶ ነበር። በመጀመሪያዎቹ ክፍለ ጊዜዎች ያዘዝሁት የዕለት ሥራ ዝርዝር ዐሥራ አንድ ገጽ ያህል ተሞልቷል። የተዘለሉ ቀናት ሞልተዋል፤ ነገር ግን ወደ እኛ ባልመጣባቸው ሳምንታትም ጽፎ ነበር። (የታካሚውን ማንነት ለመጠበቅ አንዳንድ ዝርዝሮችን ቀይሬአለሁ።)

በመዝገቡ ሕክምና ያቋረጠው ሰው በደብተሩ ሕክምናውን ይሠራ ነበር ማለት ነው። ይህን አስተያየት የምጽፈው የዚያን ዕለቱን ስሕተት የግል ጸጸት አድርጎ ከማስቀረት ይልቅ የመለኪያ ጥያቄ አድርጎ ማንሣቱ ለተመራማሪዎችና ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎች ይጠቅማል በሚል እምነት ነው። አቋሜ ባጭሩ እንዲህ ነው፦ ኤዲኤችዲ ባለባቸው አዋቂዎች ዘንድ ሕክምናን መዝለቅ መለካት ያለበት ባለመቅረት ሳይሆን ቀርቶ በመመለስ ነው፤ የመመለሻውን መንገድ ማበጀትም የሕክምናው አካል እንጂ ለታካሚው ብቻ የሚተው ግዴታ አይደለም።

ሕመሙ ለረጅም ጊዜ የልጆች ብቻ ተደርጎ ሲታይ ኖሯል። ዛሬ ይህ አመለካከት ተለውጧል። የአሜሪካ የሥነ አእምሮ ሐኪሞች ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣው አምስተኛው የምርመራ መመሪያ ከ17 ዓመት ጀምሮ ላሉት የሚጠየቀውን የምልክት ብዛት ከስድስት ወደ አምስት ዝቅ አድርጓል፤ ምልክቶቹ መታየት የሚኖርባቸውንም የዕድሜ ጣሪያ ከ7 ወደ 12 ዓመት ከፍ አድርጓል። እ.ኤ.አ. በ2009 የታተመ አንድ የጥናቶች ጥምር ትንተና ሕመሙ በአዋቂዎች ዘንድ ያለውን ስርጭት 2.5 በመቶ ገደማ ገምቶታል። ቁጥሩ ላይ መከራከር ይቻላል፤ እኔን ይበልጥ የሚያሳስበኝ ግን በእኛ ቋንቋ የሕመሙ ምልክቶች ከመታወቃቸው በፊት ስም የወጣላቸው መሆኑ ነው። ቀልቡ የማይሰበሰብ፣ ዝንጉ፣ የጀመረውን የማይጨርስ፣ ቃሉን የማይጠብቅ እንላለን። እነዚህ ሁሉ የጠባይ ፍርዶች ናቸው። ዘግይቶ የሚመጣውንም «የሐበሻ ቀጠሮ» ብለን ስለምንስቅበት፣ ዘወትር የሚዘገየው ሰው ሌላው ሰው አልፎ አልፎ ከሚዘገየው በምን እንደሚለይ የምናጤንበት ዕድል ጠባብ ነው። ወደ ሕክምና ክፍል የሚደርሰው አዋቂ እንግዲህ ይህን የፍርድ ሸክም ለሃያና ለሠላሳ ዓመት ተሸክሞ የመጣ ነው።

ሕክምናው ራሱ ምን እንደሆነ እንመልከት። በስፋት የተጠናው የአስተሳሰብና የባሕርይ ሕክምና (ሲቢቲ) ነው። ለዚህ ሕመም የተዘጋጀው ሲቢቲ የልጅነት ትዝታን ከመመርመር ይልቅ እጅ ሙያን ወደ ማስተማር ይቀርባል። ስቲቨን ሳፍረንና ባልደረቦቹ በቦስተን ባዘጋጁት ሥርዓት መሠረት ታካሚው በመጀመሪያ አንድ የቀን መቁጠሪያና አንድ ደብተር ይይዛል፤ ቀጠሮውን በአንዱ፣ ሥራውን በሌላው ያሰፍራል፤ ሁለቱንም በየዕለቱ ይመለከታል። ቀጥሎ ትልቅ ሥራን መሸንሸን ይማራል። ትኩረቱ ሳይበተን የሚቆይበትን ጊዜ በሰዓት ለክቶ ሥራውን በዚያው ልክ ይቆርጠዋል። በመካከል ሌላ ሐሳብ ሲመጣበት ወዲያው ከመከተል ይልቅ በወረቀት አስፍሮት ወደ ያዘው ሥራ ይመለሳል። ከዚህ በኋላ «አሁንም አልሆነልኝም፣ ድሮም አይሆንልኝም» የሚለውን የተለመደ አስተሳሰብ መመርመር ይመጣል። በየክፍለ ጊዜው መጀመሪያ ያለፈው ሳምንት የቤት ሥራ ይታያል።

እዚህ ላይ ያለው እንቆቅልሽ ግልጽ ነው። ሕክምናው እንዲሠራ የሚጠይቀው አቅም ሕመሙ ያደከመው ያው አቅም ነው። ቀጠሮ ማስታወስ፣ በሰዓቱ ከቤት መውጣት፣ ደብተሩን ይዞ መምጣት፣ በሳምንቱ መካከል ማንም ሳያይ ዝርዝሩን መክፈት የሚቻለው ሰው ለሕክምናው ግማሽ መንገድ አያስፈልገውም። እግሩ የተሰበረውን ሰው ምርኩዝህን ገበያ ሄደህ ገዝተህ ና እንደ ማለት ነው። ራስል ባርክሌይ በጽሑፎቹ ደጋግሞ እንዳስገነዘበው የዚህ ሕመም ችግር ምን ማድረግ እንደሚገባ አለማወቅ ሳይሆን የሚያውቁትን በጊዜውና በቦታው አለማድረግ ነው። በዚህ ላይ ኤዲኤችዲ ያለባቸው ሰዎች ዘግይቶ የሚመጣን ዋጋ ከሌላው ሰው ይልቅ አቅልለው የመመዘን ዝንባሌ እንዳላቸው በተደጋጋሚ ታይቷል። የቤት ሥራው ድካም የዛሬ ነው፤ ፍሬው ከሁለት ወር በኋላ ነው። እንዲህ ያለውን ውል ለዚህ ታካሚ አቅርበን ሲያፈርሰው መደነቅ አይገባንም።

በሙከራዎቹ ውስጥ ግን ይህ እንቆቅልሽ ብዙም አይታይም። እ.ኤ.አ. በ2010 ሳፍረንና ባልደረቦቹ ያሳተሙት ሙከራ በዘርፉ ዘወትር ይጠቀሳል። መድኃኒት እየወሰዱ ምልክቶቹ ያልለቀቋቸው 86 አዋቂዎች በዕጣ ተደልድለው ገሚሶቹ ሲቢቲ፣ ገሚሶቹ ደግሞ ሰውነትን የማፍታታት ልምምድ ከትምህርታዊ ድጋፍ ጋር ለ12 ክፍለ ጊዜ ወሰዱ። በምልክት መለኪያው መሠረት ለሕክምናው ምላሽ ሰጡ የተባሉት በሲቢቲ ቡድን 67 በመቶ፣ በንጽጽር ቡድኑ 33 በመቶ ነበሩ። ከ86ቱ ሕክምናውን የጨረሱት 79 ናቸው። በዚያው ዓመት ሜሪ ሶላንቶና ባልደረቦቿ በኒው ዮርክ 88 አዋቂዎችን ይዘው የቡድን ሕክምናን ከድጋፍ ሰጪ ሕክምና ጋር አነጻጽረው ተመሳሳይ አቅጣጫ ያለው ውጤት አግኝተዋል።

ከ86 ሰው 79 መጨረሱ መልካም ዜና ይመስላል፤ ለእኔም ለብዙ ጊዜ ይመስለኝ ነበር። ጥያቄው እነዚያ ሰዎች ወደ ሙከራው እንዴት ደረሱ የሚለው ነው። የጥናት ተሳታፊ ለመሆን ማስታወቂያውን አይቶ መደወል፣ ለማጣሪያ መቅረብ፣ ረጅም መጠይቅ መሙላት፣ መድኃኒትን ሳያዛንፉ በቋሚ መጠን መውሰድ ያስፈልጋል። ይህን ወንፊት ያለፈ ሰው በመዝለቅ ረገድ ከሕመሙ ባለቤቶች ሁሉ የተሻለው ነው። ከገባም በኋላ የጥናት አስተባባሪ ቀጠሮውን ያስታውሰዋል፤ ቢቀር ይፈልገዋል፤ መረጃው ያስፈልጋልና። ሙከራው ሳይታወቀው ምርኩዙን ለታካሚው በነጻ አበድሮታል። ውጤቱ ሲታተም ግን ምርኩዙ በሕክምናው ዝርዝር ውስጥ አይጻፍም። መመሪያውን ገዝቶ በሌላ ክፍል የሚሠራበት ባለሙያ የሚያገኘው የክፍለ ጊዜዎቹን ይዘት እንጂ አስተባባሪዋን አይደለም።

ጆሹዋ ስዊፍትና ሮጀር ግሪንበርግ እ.ኤ.አ. በ2012 ባሳተሙት ሰፊ ጥምር ትንተና በ669 ጥናቶች የተካተቱ 83,834 ታካሚዎችን መረጃ መርምረው፣ ለማናቸውም ችግር የሥነ ልቦና ሕክምና ከጀመሩት አምስት ሰዎች አንዱ ያህል እንደሚያቋርጥ ደርሰውበታል፤ 19.7 በመቶ ማለት ነው። ከቁጥሩ ይልቅ ልብ ሊባል የሚገባው ማቋረጥ የሚለው ቃል በምን እንደተተረጎመ መጠኑ ከፍና ዝቅ ማለቱ ነው። በአንዱ ጥናት ያቋረጠ ማለት የመጨረሻውን ቀጠሮ ያልመጣ ነው፤ በሌላው ከታቀደው ክፍለ ጊዜ የተወሰነውን ያልጨረሰ ነው፤ በሦስተኛው ባለሙያው አቋርጧል ብሎ የፈረደበት ነው። እኔ የተማርሁበት ክፍል ሦስት ቀጠሮ ብሎ ወስኖ ነበር። ስለዚህ ማቋረጥ ተፈልጎ የሚገኝ ነገር ብቻ አይደለም፤ በከፊል ደግሞ በደንብና በፊርማ የሚፈጠር ነገር ነው። ያን ሰው ያቋረጠ ያደረገው የእርሱ መቅረት ብቻ ሳይሆን የእኔም ፊርማ ነበር።

በዚህ ጉዳይ እጅግ የሚያሳስበኝ ውጤት የመጣው ከጀርመን ነው። አሌክሳንድራ ፊሊፕሰንና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2015 ያሳተሙት ሙከራ 433 አዋቂዎችን በሰባት ማዕከላት አሳትፏል። ገሚሶቹ የተዋቀረ የቡድን ሕክምና በመጀመሪያ በየሳምንቱ፣ በኋላም በየወሩ ወሰዱ፤ ገሚሶቹ ደግሞ ከባለሙያ ጋር በግል እየተገናኙ የተለየ ቴክኒክ የሌለበት መደበኛ ምክክር ብቻ አደረጉ። በሁለቱም ወገን ገሚሱ ሜቲልፌኒዴት የተባለውን መድኃኒት፣ ገሚሱ ደግሞ ማስመሰያ ክኒን ወሰደ። መድኃኒቱ ከማስመሰያው በልጦ ተገኘ። የቡድን ሕክምናው ግን በዋናው መለኪያ ከተራው ምክክር አልበለጠም። ብዙዎች ይህን የሥነ ልቦና ሕክምና ውድቀት አድርገው ያነብቡታል። እኔ ሌላ ንባብ አለኝ፤ ግምት መሆኑን አልደብቅም። ተራው ምክክር ይህን ያህል የታገለው አንድ የሚታወቅ ሰው፣ በሚታወቅ ቀን፣ ይህን ታካሚ በስሙ ስለሚጠብቀው ይሆን? በቡድን ውስጥ የቀረ ሰው ወንበሩ ይሸፈንለታል፤ ብቻውን የሚጠበቅ ሰው ግን ሲቀር መቅረቱ ይታያል። ያ ከሆነ የሚሠራው ነገር እኛ ትኩረት የሰጠነው የቴክኒክ ዝርዝር ሳይሆን ቴክኒኩን የተሸከመው ግንኙነት ነው። ይህን የሚለይ ሙከራ ማቀድ አስቸጋሪ አይደለም፤ ለአንድ የዶክትሬት ሥራ የሚመጥን ጥያቄ ይመስለኛል።

ወደ መመለስ ልምጣ። አንድ ቀጠሮ የማሳለፍ ምክንያት ብዙ ጊዜ ዝንጋታ ነው። ሁለተኛውን የማሳለፍ ምክንያት ግን ዝንጋታ ብቻ አይደለም፤ ይሉኝታ ነው። «ባለፈው ሳልነግራት ቀርቼ አሁን በየትኛው ዓይኔ አያታለሁ» የሚል ሰው ቀኑን በደንብ አስታውሶ ይቀራል። ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ነገሩ የጠባይ ማረጋገጫ ይሆናል፤ «ይኸው፣ ይህንም አልጨረስሁም»። በቁጥር ሲታዩ ሦስቱም መቅረቶች እኩል ናቸው፤ በመንሥኤ ሲታዩ ግን አንዱ ከሌላው ይለያሉ፤ መፍትሔያቸውም እንዲሁ። ለመጀመሪያው ማስታወሻ ይበቃዋል። ለሁለተኛው ማስታወሻ መላክ ቁስል ላይ ጨው መነስነስ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ረገድ ከሕክምና ተቋማት ይልቅ ዕድሮቻችን የተሻለ ጥበብ አላቸው ብል ማጋነን አይሆንብኝም። ከዕድር ስብሰባ የቀረ አባል ይቀጣል፤ ቅጣቱ ግን አስቀድሞ የታወቀ ነው። ከፍሎ ይቀመጣል፤ ጉዳዩ በዚያው ያልቃል፤ ማንም ለምን ቀረህ ብሎ ልቡን አይመረምርም። መባረር የሚመጣው ነገሩ እጅግ ሲራዘም ነው። ቅጣት ለታካሚ ይጣል ማለቴ እንዳልሆነ ግልጽ ይሁንልኝ፤ ገንዘብ ለሌለው ሰው ሌላ መሰናክል መሆኑ ነው። ማለት የፈለግሁት ዕድሩ ለቀረ ሰው የታወቀ መመለሻ በር እንዳለው ነው። የእኛ ክፍል የነበረው በር አንድ ብቻ ነበር፤ ካርድ ክፍል እንደ አዲስ መመዝገብ። ለኤዲኤችዲ ታካሚ ይህ በር ምን ያህል ጠባብ እንደሆነ ቅጹን ሞልቶ ያየ ያውቃል።

የሕክምናው ይዘት ራሱ ስለ መመለስ መሆኑን ደግሞ ልብ በሉ። ሐሳቡ የተበተነበት ሰው ሐሳቡን በወረቀት አስፍሮ ወደ ሥራው እንዲመለስ እናስተምረዋለን፤ ሦስት ቀን ደብተሩን ያልከፈተ ሰው በአራተኛው ቀን ያለ ወቀሳ እንዲከፍተው እንመክረዋለን። በክፍሉ ውስጥ የምንሰብከውን በመዝገብ ቤቱ እንሽረዋለን።

አንዳንዱ መሰናክል ደግሞ ከጥናት መጻሕፍት ውስጥ የማይገኝ የእኛው አገር ጉዳይ ነው። የቀጠሮ ካርዱ ላይ «ጥቅምት 12 ቀን ከጠዋቱ 3 ሰዓት» ተብሎ ይጻፋል። ታካሚው ይህን በስልኩ ላይ ለማስታወሻ ሊያስገባ ሲሞክር የስልኩ የቀን መቁጠሪያ ኦክቶበር 22 ቀን 9 ሰዓት ብሎ እንዲጽፍ ይጠብቃል። ለሌላው ሰው ይህ የአንድ አፍታ ስሌት ነው። መረጃን በአእምሮ ይዞ ማገላበጥ ለሚከብደው ሰው ግን ቀኑንም ሰዓቱንም የማሳሳት ሁለት ዕድል ነው። ከቦስተንና ከኒው ዮርክ የመጣው መመሪያ የቀን መቁጠሪያ መያዝን የመጀመሪያ ትምህርት ሲያደርግ ታካሚው የሚኖረው በአንድ የዘመን አቆጣጠር መሆኑን እንደ ነገሩ ወስዶታል። እኛ አገር መመሪያውን የሚተረጉም ተመራማሪ ይህን ምዕራፍ ቃል በቃል ከተረጎመው ገና ከመግቢያው ይስታል። ባለሙያው በክፍለ ጊዜው መጨረሻ ከታካሚው ጋር ሆኖ በታካሚው ስልክ ላይ ቀጠሮውን ማስገባቱ ሁለት ደቂቃ ይወስዳል፤ እኔ ይህን ለማድረግ ያሰብሁት መዝገቡን ከዘጋሁ በኋላ ነው።

ስልክ ካነሣን ዘንድ ከአፍሪካ የተገኘ አንድ ትምህርት እዚህ ይጠቅማል። ሪቻርድ ሌስተርና ባልደረቦቹ በኬንያ የፀረ ኤችአይቪ መድኃኒት በጀመሩ 538 ሰዎች ላይ ያካሄዱትን ሙከራ ውጤት እ.ኤ.አ. በ2010 አሳትመዋል። በየሳምንቱ ከክሊኒኩ አንድ አጭር መልእክት ይላካል፤ መልእክቱ መድኃኒትህን ውሰድ አይልም። በስዋሂሊ «ማምቦ?» ነው የሚለው፤ እንዴት ነህ እንደ ማለት። ታካሚው ደህና ነኝ ወይም ችግር አለ ብሎ ይመልሳል፤ ችግር አለ ላለውና ላልመለሰው ከክሊኒኩ ይደወልለታል። መድኃኒቱን በሚገባ እንደወሰዱ የተናገሩት መልእክት ከደረሳቸው ውስጥ 62 በመቶ፣ ካልደረሳቸው 50 በመቶ ነበሩ። ሕመሙ ሌላ፣ ሕክምናውም ሌላ መሆኑን አልዘነጋሁም። የጥያቄው አቀራረብ ግን በይሉኝታ ለተያዘ ሰው የተሰፋ ይመስላል፤ ለምን ቀረህ ሳይል እንዴት ነህ ይላል፤ የቀረውም ሰው በአንድ ቃል ይመለሳል። በአገራችንም የኤችአይቪ ሕክምና ክፍሎች ከክትትል የጠፉ ሰዎችን ደውለውና ቤት ድረስ ሄደው የሚፈልጉ ሠራተኞች ሲያሰማሩ ቆይተዋል። የጠፋን ሰው መፈለግ በእኛ የጤና ሥርዓት ውስጥ እንግዳ ሐሳብ አይደለም፤ ወደ ሥነ ልቦና ሕክምና ክፍል ሲደርስ ብቻ ነው እንግዳ የሚሆነው።

የእንግሊዝ የጤናና እንክብካቤ ልቀት ተቋም እ.ኤ.አ. በ2018 ያወጣው መመሪያ የሕመሙ ምልክቶች ሕክምናን ለመከታተል እንቅፋት ሊሆኑ እንደሚችሉ ባለሙያው እንዲገነዘብ ይጠይቃል፤ የማንቂያ ደወል፣ የሚታይ ማስታወሻና የመሳሰሉትንም ይመክራል። ለአዋቂዎች የሚሰጠው የሥነ ልቦና ድጋፍም መደበኛ ክትትል እንዲኖረው፣ ክትትሉም በአካል ወይም በስልክ ሊሆን እንደሚችል ይገልጻል። በስልክ የሚለው ቃል ቀላል አይደለም፤ ሁለት ታክሲ ቀይሮ ለሚመጣ ሰው መቅረትንና መገኘትን የሚለየው እርሱ ሊሆን ይችላል።

በዚህ ሐሳብ ላይ የሚነሡትን መቃወሚያዎች አውቃቸዋለሁ፤ ከባልደረቦቼም ሰምቻቸዋለሁ። አንደኛው ሥራን ሁሉ ባለሙያው ከተሸከመው ታካሚው ጥገኛ ሆኖ ይቀራል የሚል ነው። ለዚህ የምሰጠው መልስ ምርኩዝ የሚወሰደው ከተራመዱ በኋላ እንጂ ከመራመድ በፊት አይደለም የሚል ነው። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት የሚደወለው ስልክ በኋላ በታካሚው ማንቂያ ደወል፣ ቀጥሎም በልማድ ሊተካ ይችላል። ፒተር ጎልዊትዘር ያጠናው «ይህ ሲሆን ያን አደርጋለሁ» የሚል ዓይነት ዕቅድ በብዙ ሙከራዎች ሐሳብን ወደ ተግባር ለማሸጋገር እንደሚረዳ ታይቷል፤ መመለስም በዚሁ መልክ አስቀድሞ ሊታቀድ ይችላል። በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ ከታካሚው ጋር «ቀጠሮ ባሳልፍ በማግስቱ ከቁርስ በኋላ በዚህ ቁጥር ‹ቀርቻለሁ› ብዬ መልእክት እልካለሁ» ብሎ መጻፍ ይቻላል። ይቅርታ አይጠየቅም፤ ምክንያት አይጻፍም።

ሁለተኛው መቃወሚያ ግን ከበድ ያለ ነው፤ ሙሉ መልስም የለኝም። ባለሙያ ጥቂት በሆነበት አገር ለአንድ ለሚቀር ሰው በር ክፍት ማድረግ ተራ ለሚጠብቅ ሌላ ሰው በር መዝጋት ነው። እውነት ነው። ሆኖም ደንቡ ያስገኘልን ትርፍ ተሰልቶ አያውቅም። የተዘጋ መዝገብ ያለው ሰው ከወራት በኋላ እንደ አዲስ ሲመጣ የመጀመሪያው ምርመራ ይደገማል፤ ያም ረጅሙ ክፍለ ጊዜ ነው። በሳምንት አንድ ሰዓት ቀጠሮ ላሳለፉ ሰዎች ክፍት አድርጎ የመጣው ሁሉ ለዐሥር ደቂቃ እንዲታይ ማድረግ፣ ከሙሉ ክፍለ ጊዜ ያነሰ ቢሆንም፣ ከአዲስ ምዝገባ የሚረክስ ይመስለኛል። ይመስለኛል የምለው የለካው ሰው ስላላጋጠመኝ ነው።

ወደ መለካቱ እንምጣ። ይህን ጽሑፍ ከሚያነብቡት መካከል በዚህ ዘርፍ የመመረቂያ ሥራ የሚያቅዱ ይኖራሉና ጥቂት ልበል። በኤዲኤችዲ ሙከራ የጠፋ መረጃ በአጋጣሚ የጠፋ መረጃ አይደለም። የቀረው ሰው የቀረው የሚለካው ነገር ስለጠናበት ሊሆን ይችላልና፣ የመጡትን ብቻ መተንተን ሕክምናውን ከልኩ በላይ ያሳምረዋል። የመጨረሻውን ልኬት ወደ ፊት ጎትቶ ባዶውን መሙላትም ችግሩን ይሸፍነዋል እንጂ አይፈታውም። ስለዚህ የቀሩትን ለብቻ መከታተል፣ ቢያንስ በስልክ አንድ አጭር መለኪያ መሙላት፣ ከመጀመሪያው በዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። ከዚህም ሌላ ስንት ክፍለ ጊዜ ተገኘ ከሚለው ጎን አንድ ሰው ከቀረ በኋላ እስኪመለስ ስንት ቀን እንደወሰደበት፣ በማን ጥሪ እንደተመለሰ፣ በቀረበትም ጊዜ የቤት ሥራውን ሠርቶ እንደሆነ ይመዝገብ። የሪፖርቱ የአሠራር ክፍልም አስታዋሹ ማን እንደነበር፣ ስንት ጊዜ እንደደወለ በግልጽ ይጻፍ፤ ሕክምናው እርሱም ነውና። እ.ኤ.አ. በ2018 የወጣው የኮክሬን ግምገማ በአዋቂዎች ኤዲኤችዲ ላይ የተደረጉ የሲቢቲ ሙከራዎችን ሲሰበስብ ያገኘው 14 ሙከራዎችንና 700 ተሳታፊዎችን ነው። መስኩ ገና ጠባብ ስለሆነ አንድ በጥንቃቄ የታቀደ አነስተኛ ጥናት እንኳ የሚታይ ቦታ ይኖረዋል።

እኔ አሁን በምጠቀምበት የክትትል ቅጽ ላይ «ቀርቷል» ከሚለው ዓምድ ቀጥሎ «የተመለሰበት ቀን» የሚል ዓምድ ጨምሬአለሁ። ከባልደረቦቼ አንዷ ዓምዱ አብዛኛውን ጊዜ ባዶ እንደሚሆን ገምታ ነበር። ባዶ የሆኑት አሉ፤ ከገመተችው ግን ያነሱ ናቸው፤ እኔም ከገመትሁት ይበልጥ የተሞሉ ናቸው። ዐሥራ አንድ ገጹ የተሞላው ደብተር አሁንም በመሳቢያዬ ውስጥ አለ። ባለቤቱን በመዝገቡ ላይ በነበረው ስልክ ሦስት ጊዜ ደውዬ ፈለግሁት፤ ቁጥሩ አይሠራም።